ጀይሉ አጥፋው

ከሚሴ ላይ አንድ ሹፌር መኪናውን አቁሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ሊወርድ ሲል፣ ከመንገዱ ዳር ካለው ሾላ ሥር «አጥፋው!» የሚል ድምፅ ይመጣበት ነበር። ድምፁ የመካኒኩ የጀይሉ ነው። ሹፌሩ ከአሰብ የመጣ ይሁን ከአዲስ አበባ፣ ሹም ይጫን እህል፣ ለጀይሉ ያው ነው። «አጥፋው!» ይላል። ሰምቶ እንዳልሰማ የሆነ እንደሆነ መፍቻውን እንደያዘ ይነሣና ራሱ እጁን በመስኮት አስገብቶ ቁልፉን ያዞራል። በዚህ የተነሣ ስሙ «ጀይሉ አጥፋው» ሆኖ ቀረ፤ የአባቱን ስም የሚያስታውስ ሰው አልነበረም።

ሰው መቼም ለሰው ጠባይ ምክንያት መስጠት ይወዳል፤ ከሚሴም ሰጥታዋለች። «ጀይሉ ቆጥቋጣ ነው፤ የሰው ቤንዚን እንኳ በከንቱ ሲነድ ያንገበግበዋል» ትላለች። አንዴ የያዘችውን ደግሞ አትለቅም። እሱም ሲሉት አይ አላለም፤ ቆጥቋጣ መባል ቀላል ነገር ነው። ከዚያ የከበደውን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም ሳይናገሩት ኖሩ።

ጀይሉ ሥራውን የተማረው በጣልያን ጊዜ፣ ኮምቦልቻ በነበረው የመንገድ ሠራተኞች ካምፕ ነው። ያኔ ገና ጎረምሳ ሲሆን የሞተር ዕቃ በቤንዚን እያጠበ ይውል ነበር። አሠሪው ከስድብና ከዕቃ ስም በቀር ቋንቋ አላስተማረውም። ጣልያን ሲሄድ ስድቡን ረሳው፣ የዕቃው ስም ግን ቀረ፤ ካንዴላ፣ ካርቡራቶሬ፣ ማርሚታ፣ ማኖቬላ። ከሁሉ አብልጦ የሚወደው «ሚኒሞ» የሚለውን ነበር። ሚኒሞ ማለት መኪናው ቆሞ፣ ሹፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው አንሥቶ፣ ሞተሩ በራሱ ቀስ እያለ ሲተነፍስ ነው። «ሲሮጥ ማንም ጤነኛ ይመስላል፤ ሞተርን የምታውቀው ቆሞ ሲተነፍስ ነው» ይል ነበር። የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ከዚያ «ሦስተኛዋ ካንዴላ አኩርፋለች» ይላል። ሲፈታም እውነት ሦስተኛዋ ናት።

ሚስቱ ቶይባ በዚህ ትስቅበት ነበር። «የኔን ልብ አንድ ቀን እንዲህ ጆሮህን ደቅነህ ሰምተህ ታውቃለህ?» ትለዋለች። ቶይባ የቆላው የጨፋ ልጅ ናት። ስትቆጣ በኦሮምኛ፣ ስትቀልድ በአማርኛ ነበር የምትናገረው፤ ስለዚህ ጀይሉ ገና አፏን ስትከፍት ቀኑ ምን ዓይነት እንደሆነ ያውቃል። አሥራ አምስት ዓመት አብረው ሲኖሩ አላህ ልጅ አልሰጣቸውም። እሷም የባሏን የሥራ ቋንቋ ወስዳ የቤት ቋንቋ አደረገችው። ድስቱ ሲገነፍል «ሚኒሞውን ቀንስልኝ» ትላለች፤ ጀይሉ ሲያንኮራፋ ደግሞ የሞተር ድምፅ በሚያፍነው ዕቃ ስም «ማርሚታህ ተቀዷል» ብላ ትቀሰቅሰዋለች። ጎረቤት ይህን ሰምቶ ይስቃል፤ ጀይሉ ይኮራል።

ነገሩ የሆነው በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ መስከረም ላይ ነው። ቶይባ እሸት ልትበላ ወደ እናቷ ወደ እማ ዘሃራ ወርዳ ሳለ ወባ ያዛት። መልእክቱ ለጀይሉ መጣ። በዚያ ጊዜ የቦርከናን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ጨፋ ውስጥ መንደሮች የሚገባ መኪና አንድ ብቻ ነበር፤ የጤና ጣቢያው ጂፕ። ሹፌሩ ፈቃደ የሚባል የመንዝ ሰው ነው፤ አፉ አያርፍም፣ ልቡ ግን ደግ ነው። የወባ ክኒን ሊያደርስ ሲወርድ ጀይሉን አሳፈረው።

ጂፑን ጀይሉ አብጠርጥሮ ያውቀዋል፤ ያን ክረምት ብቻ ሦስት ጊዜ ሠርቶታል። ጭሱን ከሞተሩ ተቀብሎ ወደ ማርሚታው የሚወስደው ተጣጣፊ ቱቦ በድንጋይ ተመትቶ ተሰንጥቆ ነበር። አዲስ ቱቦ ከአዲስ አበባ «ይመጣል» ተባለ። ይመጣል የተባለ ዕቃ ደግሞ እንደሚታወቀው አይመጣም። ስለዚህ ጀይሉ የዘይት ቆርቆሮ ቀዶ ቱቦውን ጠቀለለውና በሽቦ አሰረው። መጀመሪያ የቆርቆሮው ጫፍና ጫፍ የሚገናኝበትን መጋጠሚያ ወደ ታች አድርጎት ነበር፤ የመንገዱ ድንጋይ በሳምንቱ ገነጣጠለው። ሁለተኛ ሲያስረው ብልሃት መጣለት፤ መጋጠሚያውን ወደ ላይ አዞረው። ድንጋይ ከታች እንጂ ከላይ አይመጣም። «አየህ፣ የጨፋን መንገድ የማያውቅ መካኒክ ይህን አያስባትም» ብሎ ለፈቃደ ኮራበት። ፈቃደም «የመንዝ ሰው ብትሆን ኖሮ ሹም ያደርጉህ ነበር» አለው።

ሌላው የጂፑ ችግር ሚኒሞው ነበር። ሲቆም ይንተፋተፋል፤ ትንሽ ቆይቶ ይጠፋል። ለዚያ ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራቶሬ አውርዶ ማየት ያስፈልግ ነበር። ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ሌላ ሹፌር እንዲህ ያለውን ሲያቆየው ጀይሉ ራሱ «አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ» ብሎ ይወቅስ ነበር። ያን ቀን ግን ሥራ በዝቶበት «ነገ አየዋለሁ» አለና ሚኒሞውን በብሎኑ ከፍ አድርጎ ሰደደው።

እማ ዘሃራ ቤት ሲደርሱ ቶይባ ቁጭ ብላ አገኟት። ትኩሳቱ በረድ ብሎላት ነበር። ፊቷ ገርጥቷል፣ ግን ስቃ ተቀበለቻቸው። በእግሯ ወደ መኪናው ሄደች። ጀይሉ ሊደግፋት ሲል ክንዱን ገፋ አድርጋ፣ «ተወኝ፤ ሚኒሞዬ ወረደ እንጂ አልጠፋሁም» አለችው። በአማርኛ ስለተናገረች ጀይሉ ደስ አለው፤ ትድናለች አለ በልቡ። ከኋላ ወለሉ ላይ ጆንያ ተነጥፎላት ተኛች። እማ ዘሃራ ከአጠገቧ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ሰማዩ ጠቁሮ ነበርና ሸራው ወረደ። ጀይሉ ከፊት ከፈቃደ ጋር ሆነ።

መሻገሪያው ላይ ሲደርሱ ቦርከና ሞልቶ ጠበቃቸው፤ ደጋው ዘንቦ ኖሯል። ውሃው እስኪጎድል መቆም ግድ ሆነ። ባትሪው የደከመ ስለነበር ሞተሩ ከጠፋ በእጅ በሚዞረው ብረት፣ በማኖቬላ ካልሆነ አይነሣም፤ በዚያ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ማኖቬላ ማዞር ደግሞ የሚታሰብ አልነበረም። ስለዚህ ጀይሉ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተና፣ ሞተሩ ሊጠፋ በተንተፋተፈ ቁጥር የነዳጁን ዘንግ በጣቱ እየነካ ቆመ። ካፊያ ያርፍበታል። «ያረቢ እንዳይጠፋ፣ ያረቢ እንዳይጠፋ» ይላል። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል እንዲህ ቆመ። አልጠፋም። ውሃው ጎደለ፤ ተሻገሩ።

ከሚሴ ጤና ጣቢያው በር ላይ ሸራው ሲከፈት እማ ዘሃራ ራሳቸውን ይዘው ወረዱና አስታወኩ፤ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጡ። ቶይባ አልወረደችም። በእግሯ የገባችው ሴት በሰው እጅ ወጣች።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር አይቷት «ወባው ራሷ ላይ ወጥቶ ነው የገደላት» አለ። እማ ዘሃራንም «እርስዎንም ጨፋ ነክቶዎታል» ብሎ ክኒን ሰጣቸው። አጥባ የከፈነቻት ጎረቤታቸው ፋጡሜ ናት። ስትወጣ እያለቀሰችም እየተገረመችም ነበር። «ወላሂ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም» አለች። «የሞተ ሰው ይገረጣል። ቶይባ ግን ጉንጯ ቀልቶ፣ ከንፈሯ ቀልቶ፣ እንደ ሙሽራ ነበረች። የአላህ ብርሃን፣ ኑር ወርዶላታል።» ወሬው ከቀባሪው ቀድሞ ከሚሴን ዞረ። እማ ዘሃራ ያን ሲሰሙ ልቅሷቸውን ገቱ። «አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ ማረፊያዋን አይታ ነው የሄደች» አሉ። ከዚያ ወዲህ ያገኙትን ሰው ሁሉ የዚያን ፊት ነገር ሳይነግሩ አይለቁም ነበር። አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ ከሷ የቀረላቸው ይህ ብቻ ነው።

ጀይሉ አላለቀሰም። ማልቀስ ፈልጎ ነበር፣ አልመጣለትም። ሲያጽናኑት «አሚን» ይላል፤ ምግብ ሲያቀርቡለት ይበላል፤ ተነሥ ሲሉት ይነሣል። በአርባው ወደ ሥራው ተመለሰ። አንድ ቀን የጋለ ማርሚታ በመዳፉ ይዞ፣ የተቃጠለ ሥጋ እስኪሸተው ድረስ አልለቀቀውም፤ ያኔም የለቀቀው ሸትቶት እንጂ አሞት አልነበረም። ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ ሲያደርግ የሞተሩን ድምፅ ይሰማል፣ የሚለው ነገር ግን አይገባውም። ስለዚህ የለመደ እጁ እንደመራው እየፈታ እየገጠመ ይውላል፤ መኪኖቹም ይሠራሉ። እሱም ይህ አይገርመውም፣ ደስም አይለውም፣ አያሳዝነውም።

ከሚሴ ይህን አይታ «ሰብረኛ ነው» አለች። «ሰብርን ከጀይሉ ተማሩ» እየተባለ ለሌላው ሐዘንተኛ ምሳሌ ሆነ። ሰብር ያለው እኮ የሚያመውን ችሎ የሚይዝ ሰው ነው። ጀይሉን የሚያመው ነገር አልነበረም፤ ደንዝዞ ነበር። እማ ዘሃራም በየጁምዓው ሰው ሲያገኙ በቅል ወተት ይልኩለታል፤ «ለልጄ ባል፣ ለሰብረኛው» ይላሉ። ወተቱን ይጠጣል። ምስጋናውንም እንደ ወተቱ ዝም ብሎ ይቀበላል።

በነዚያ ወራት ጂፑ ወደ ጨፋ ይወርዳል፣ ይመለሳል። ከሱ የሚወርድ ሰው ሁሉ ራሱን ይዞ ነው የሚወርደው። ለዚህ ከሚሴ ስም ነበራት፤ «ጨፋ ነካው» ይባላል። ጨፋ ደርሶ የመጣ ሰው ራሱን ካመመው፣ ካጥወለወለው፣ ወባ ነው፤ ሌላ ምክንያት መፈለግ የሞኝ ሥራ ነው። አያቶቻቸውም በዚያው በሽታ ስለሞቱ አይፈረድባቸውም። ፈቃደማ ክኒን ለሰው ሊያድል ሄዶ ሲመለስ ራሱ ይውጣል፤ ከመዋጡ ብዛት ጆሮው ይጮኽ ጀመር። «የመንዝን ሰው ቆላ አይስማማውም» ብሎ በሀገሩ ያሳብባል።

የካቲት ሊያልቅ ሲል፣ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ፈቃደ ጂፑን ሾላው ሥር አምጥቶ አቆመ። ሞተሩ ይንተፋተፋል። ፈቃደ ከሞተሩ ብሶ እየተነጫነጨ ወረደና ከኋላ ሦስት ዶሮዎች አውጥቶ ጀይሉ እግር ሥር ዘረገፋቸው። ሦስቱም ሞተዋል።

«አያ ጀይሉ፣ ጉዴን እይልኝ!» አለ። «ለቅበላ ብዬ ከሰንበቴ ገበያ የገዛኋቸው ናቸው። ማንአልሞሽ ምን ትለኛለች አሁን? በክት ይዤ ልግባ?»

ማንአልሞሽ ሚስቱ ናት። የጤና ጣቢያው ጂፕ በእሁድ ቀን ሰንበቴ ገበያ ምን እንደሚሠራ ጀይሉ አልጠየቀውም፤ ከሚሴም ጠይቃው አታውቅም።

«አንቀሃቸው ይሆናል» አለ ጀይሉ፣ ቀና ሳይል።

«ምን ቆርጦኝ አንቃለሁ! እግራቸውን አስሬ ከኋላ ወለሉ ላይ ነው ያጋደምኳቸው። ሰንበቴ ላይ ሲጮኹ ጆሮዬን በልተውት ነበር። ጨፋ ሮቢት አንድ ወዳጄን አግኝቼ ትንሽ ቆምኩ። ይህ የተረገመ እንዳይጠፋብኝ ብዬ ሞተሩን አልነካሁትም። ስመለስ ጸጥ። እኔም ራሴ ሊፈነዳ ነው። እሺ እኔንስ ጨፋ ነካኝ፤ ወባ ዶሮም ይይዛል እንዴ?»

ፈቃደ በገዛ ቀልዱ ሳቀ። ጀይሉ ዶሮዎቹን አየ። የሞተ ዶሮ ራሱ ላይ ያለው ሥጋ ይጠቁራል፣ ይገረጣል። የነዚህ ግን ቀልቷል፤ በሕይወት ያለ ዶሮ እንኳ እንደዚያ አይቀላም። አንዱን አንሥቶ ወደ ብርሃን አዞረው። «እንደ ሙሽራ» የሚለው የፋጡሜ ቃል መጣበት።

ፈራ። ከአምስት ወር በኋላ የተሰማው የመጀመሪያው ነገር ይህ ፍርሃት ነበር።

ፈቃደ ሞተሩን ሊያጠፋ ሲል «ተወው፣ ይሥራ» አለው። ጨርቅ ውሃ ነክሮ ከኋላ የጭስ ማውጫውን አፍ ደፈነ። ቱቦው ደህና ከሆነ ሞተሩ ታፍኖ ይጠፋል፤ ሌላ መተንፈሻ ካለው ግን መሥራቱን ይቀጥላል። ጂፑ ቀጠለ። ጀይሉ ከመኪናው ሥር ተንሸራቶ ገባና ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ አደረገ። የሚያንሾካሹክ ድምፅ አለ። በዚህ ጊዜ የሚለው ነገር ገባው። እጁን በቆርቆሮው ታች አሳለፈ፤ ምንም የለም። በላይ በኩል ሲያሳልፍ ትኩስ ነፋስ መዳፉን መታው። ወደ ላይ ያዞራት መጋጠሚያ ናት፤ ያች የኮራባት።

ወጣና የዘይት ቆርቆሮ ለፈቃደ ሰጠው። «በካርቡራቶሬው አፍ ጠብ አድርግ፣ ጥቂት ብቻ» አለው። ዘይት ሲነድ ነጭ ጭስ ስለሚሆን የማይታየውን ያሳያል። ራሱ ከኋላ ገባ፣ ሸራውን አወረደ፣ ጆንያውን ገለጠ። ወለሉ ላይ ዝገት የበላው መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ አለ። ፈቃደ ዘይቱን ጠብ አደረገ። ጭሱ በቀዳዳው መጣ። ሳይቸኩል ወጥቶ ወለሉ ላይ ተዘረጋ፤ የተኛ ሰው ራሱን የሚያሳርፍበት ቦታ ላይ ቆየ፤ ከዚያ ወደ አግዳሚው ወጣ።

ጀይሉ ቁጭ ብሎ አየው። የቶይባ ራስ የነበረው እዚያ ነው። እሱ ከፊት ቆሞ ዘንጉን በጣቱ ይነካ ነበር። እንዳይጠፋ ለምኖ ነበር፤ አልጠፋም። «እኔ ነኝ» አለ። ሲለው አንድ ነገር የሚሆን መስሎት ጠበቀ። ምንም አልሆነም። ከሸራው ውጭ ሰው ግመል እየነዳ ያልፋል፤ የግመሉ ደወል ይሰማል። እንባም አልመጣለትም፤ ሳል ብቻ መጣበት።

ፈቃደ ሸራውን ገለጠና «አያ ጀይሉ! ውጣ እንጂ፣ ምን ያስቀምጥሃል እዚያ?» አለ።

ጀይሉ ወጥቶ ነገረው። «ወባ አይደለም፣ ጭሱ ነው፤ ዶሮዎቹን የገደላቸውም ያቀላቸውም እሱ ነው። በወለሉ ይገባል። ክኒኑን ተው።»

ፈቃደ መጀመሪያ ያን ሁሉ መራራ ክኒን በከንቱ መዋጡ አንገብግቦት ተሳደበ። ከዚያ ዶሮዎቹን አየ፣ ሸራውን አየ፣ የጀይሉን ጣት አየ።

«አያ ጀይሉ… ያን ቀን፣ ወንዙ ዳር…»

«ፒንሳውን አቀብለኝ» አለ ጀይሉ።

ፈቃደ አቀበለው። ያችን ነገር እስከ ዕድሜው መጨረሻ አልጨረሳትም።

ጂፑ ሾላው ሥር ሦስት ቀን ቆመ። ጀይሉ ቆርቆሮውን ቀዶ ጣለው። መንገድ ዳር ተገልብጦ ከቀረ አሮጌ የጣልያን ካሚዮን ላይ ደህና ቱቦ ቆርጦ ኮምቦልቻ ድረስ ይዞ ሄደና አስበየደው፤ አምጥቶም በሁለት ጠንካራ ማሰሪያ ገጠመው። የወለሉን ቀዳዳ በወፍራም ላሜራ ዘጋ። በመጨረሻ ካርቡራቶሬውን አወረደ። ከሥሩ መጋጠሚያውን የሚደፍነው ጓርኒሲዮን ተበልቶ አየር ይስብ ኖሯል። ከካርቶን አዲስ ቆርጦ፣ ዘይት አጠጥቶ፣ ተካው። ብሎኑን ወደ ቦታው መለሰ። ሞተሩ ሲነሣ ሚኒሞው ወርዶ፣ ረግቶ፣ ቀስ እያለ ይተነፍስ ጀመር። ይህ «ነገ አየዋለሁ» ያለው ሥራ ነው። ሲጀምር ጠዋት ነበር፣ ሲጨርስ ገና ዙሁር አልተሰገደም።

«እማ ዘሃራን ለጁምዓ አምጣልኝ» አለው ለፈቃደ። «የምነግራቸው አለኝ።»

ፈቃደ የሚነግራቸውን ያውቀዋል። «ምን ይጠቅማል?» አለ።

«አይጠቅምም።»

«ታዲያ ለምን? ልጃቸውን ወባ ወሰደባቸው፤ አሁን አንተ ደግሞ ኑሩን ትወስድባቸዋለህ።»

«የሌለ ኑር ነው።»

«ለሳቸው አለ» አለ ፈቃደ።

ጀይሉ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «በየጁምዓው ወተት ይልኩልኛል፣ ፈቃደ» አለ። «ሰብረኛው ይሉኛል። ይህን እያወቅሁ ያን ወተት መጠጣት አልችልም።» አፍሮ ነበር። ከፍርሃቱ ቀጥሎ የመጣለት እፍረት ነው።

ጁምዓ ቀን፣ ከሶላት በኋላ፣ ጂፑ መጥቶ ሾላው ሥር ቆመ። ሸራው ወርዷል፤ ከውስጥ ወደ ጤና ጣቢያው የምትሄድ ሕፃን የታቀፈች ሴት አለች። ፈቃደ በሞተሩ ኮርቶ ስለነበር አላጠፋውም። «ስማት እስቲ ሚኒሞዋን!» ብሎ ከመሪው ላይ ሆኖ ጮኸ። እማ ዘሃራ የወተት ቅላቸውን ይዘው ወረዱ። ራሳቸውን አልያዙም፤ ቀጥ ብለው ነው የወረዱት።

«አካም ጅርታ፣ ልጄ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ እማ። ይቀመጡ።»

ግንዱ ላይ ተቀመጡ። «ሱብሃነላህ፣ ዛሬስ ጨፋ ማረኝ» አሉ። «በዚህ መኪና መጥቼ ራሴን ሳያመኝ ስወርድ የዛሬው መጀመሪያዬ ነው።»

ጀይሉ መሬት መሬቱን አየ። የሚለውን ሌሊቱን ሁሉ ሲያዘጋጀው አድሮ ነበር፤ «እኔ ነኝ የገደልኳት» የሚል ሦስት ቃል ብቻ ነው። «እማ» አለ፣ «ያን ቀን…»

«ያን ቀን!» አሉ እማ ዘሃራ ከአፉ ነጥቀው፤ ያን ቀን ሲባል ማን ያስቆማቸዋል። የጉንጯን ቅላት፣ የከንፈሯን ቅላት፣ ፋጡሜ ያለችውን አንድም ሳያጎድሉ ተናገሩ። ጀይሉ እስኪጨርሱ ጠበቀ። ሲጨርሱ ግን ወደሱ ጠጋ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አንድ ነገር ለሰው ነግሬ አላውቅም። ላንተ ልንገርህ፣ አንተ ባሏ ነህ። ወንዙ ዳር ቆመን ሳለ ‹ሃዳ ኮ፣ ባኒ! ባኒ!› አለችኝ፤ እናቴ፣ አፈነኝ፣ ሸራውን ክፈችልኝ ማለቷ ነው። ላብ ላይ ናት፣ ንፋስ ይመታታል ብዬ እምቢ አልኳት። እንዲያውም እንዳትገልጠው ጫፉን በእግሬ ረግጬ ያዝኩት። ኋላ ዝም አለች።» በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ፊታቸው ግን ሰላም ነበረው። «አላህ ጠበቀኝ፣ ልጄ። ብከፍትላት ኖሮ ዛሬ ‹ንፋስ አስመትቼ ልጄን ገደልኳት› እያልኩ እንዴት እኖር ነበር? ይህን ሳስብ እንቅልፍ ይወስደኛል።»

በኦሮምኛ ነው የተናገረች፣ አለ ጀይሉ በልቡ። ተቆጥታ ነበር።

«አንተስ?» አሉ እማ ዘሃራ። «ፈቃደ ‹የሚነግርዎ አለው› ብሎኛል። ምንድን ነው?»

ጀይሉ አፉን ከፈተ። ሦስቱ ቃላት አሉ፤ አልጠፉበትም። ሸራውን ረግጦ የያዘውን የእማ ዘሃራን እግር አየ። በጎማ ጫማ ውስጥ ያለ፣ የተሰነጣጠቀ፣ ትንሽ የአሮጊት እግር ነው። ከፊታቸው ጂፑ በረጋ ሚኒሞ ይተነፍሳል። ከሸራው ውስጥ ሕፃኑ አንድ ጊዜ ሳለ።

«አጥፋው!»

ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። ከመስከረም ወዲህ ጮኾ አያውቅም። ፈቃደ ለምን ሳይል ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ጠፋ። ጀይሉ ሄዶ ሸራውን በሁለት እጁ ወደ ላይ ጠቀለለ፤ ሴትየዋ ከነሕፃኗ በብርሃኑ ዓይኗን ጨፈን አደረገች።

«ውይ፣ አስደነገጥኸኝ!» አሉ እማ ዘሃራ ደረታቸውን ይዘው። «ምነው ልጄ? ምን ሆነ?»

ተመልሶ አጠገባቸው ተቀመጠ። የወተቱን ቅል ከእጃቸው ተቀበለ።

«ቤንዚን ይፈጃል፣ እማ» አላቸው።